መጥረጊያ ይዞ ክፍል የገባው አብራሪ፦ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን

እምድብር ወይም ጉብሬ ሆናችሁ አውሮፕላን በላያችሁ ሲያልፍ ቀና ብላችሁ ታያላችሁ አይደል? እኛም እናያለን። ከዚያ ግን ብዙዎቻችን የሀብታም ልጅ ሥራ ነው ብለን እንተወዋለን። ዛሬ የምናነሳላችሁ ሰው እንዲህ ብሎ አልተወውም። (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ጆን ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ፍሎሪዳ ተወልዶ ሚሲሲፒ ውስጥ ገልፍፖርት በምትባል ከተማ አደገ። ልቡ ሰማይ ላይ ነበር፤ ግን ያኔ በሚሲሲፒ ጥቁር ልጅ ከነጭ ጋር አንድ ክፍል አይቀመጥም። ስለዚህ ከመሬት ጀመረ። ተስኪጊ በተባለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት የመኪና መካኒክነት ተማረ።

ከዚያ ቺካጎ ሄደ። እዚያ ያለ የበረራ ትምህርት ቤት በቆዳው ቀለም ምክንያት አልቀበልም አለው። ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት፣ እዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረ። እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጣል፣ ሰሌዳ ላይ የቀረውን ይገለብጣል። በመጨረሻ በሩ ተከፈተለትና ተመረቀ። ቀጥሎ ምን አደረገ? ሌሎች ጥቁር ወጣቶችን ማስተማር ጀመረ። ከጓደኛው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ሆነው ማኮብኮቢያም ሠሩ።

ጣሊያን ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ፣ በ1927 ሮቢንሰን አገራችን መጣ። አፄ ኃይለ ሥላሴ የአየር ኃይላቸው አዛዥ አደረጉት። የነበሩት አውሮፕላኖች ጥቂትና አሮጌ ናቸው፤ ከጣሊያን ጋር ሰማይ ላይ መዋጋት የማይታሰብ ነበር። እሱ ግን መልእክትና መድኃኒት ይዞ በተራሮቹ መሀል ይበር ነበር። መስከረም 1928 አድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበር።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ፣ በ1936፣ ተመልሶ መጣ። አሁን የመጣው ሊያስተምር ነው። የኢትዮጵያ ወጣቶችን አብራሪነት አሠለጠነ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ እሱም በሥልጠናው ላይ ነበር። በ1946 አዲስ አበባ ላይ የሚያበራት አውሮፕላን ተከሰከሰች፤ መጋቢት 18 ቀን አረፈ። መቃብሩም እዚያው አዲስ አበባ ነው።

ይሄን የምንነግራችሁ በከንቱ አይደለም። በሊስትሮ ሳጥን ቀን ሠርቶ ማታ የተማረ ሰው በየቤታችን አለ፤ የሮቢንሰን መንገድ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ደግሞ አቪዬሽን ማለት አብራሪ ብቻ አይደለም። ሞተር የሚጠግነው ቴክኒሻን፣ አውሮፕላኑን ከማማ የሚመራው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ፣ የአየር ጠባዩን የሚተነብየው ባለሙያ ሁሉም ያስፈልጋሉ። የሁሉም መግቢያ በር ደግሞ ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ነው።

ሮቢንሰን የተከለከለውን ትምህርት እየጠረገ ለቀመ። እናንተን ከክፍሉ ያስወጣችሁ የለም። የፊዚክስ ደብተራችሁ ግን አሁን የት ነው ያለው?