ማሪ ኩሪ፦ ራጅን ቁስለኞች ወዳሉበት የወሰደች ሳይንቲስት

በ1896 ግንቦት ወር፣ ኔፕልስ ከተማ በሚገኘው የጣሊያን ጦር ሆስፒታል፣ ሁለት ወታደሮች ለሐኪሞቹ ራሳቸው እንግዳ በሆነ መሣሪያ ፊት ቀረቡ። ሁለቱም የቆሰሉት በኢትዮጵያው ዘመቻ ነው። ክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ለማግኘት ሐኪሙ ሥጋቸውን መቆፈር አላስፈለገውም፤ ጀርመናዊው ዊልሄልም ሮንትገን ከጥቂት ወራት በፊት ያገኘው ጨረር ጥይቱ ያለበትን ቦታ በጥላ አሳየው። በጦር ሜዳ ለቆሰለ ሰው ራጅ ሲነሣ ያ የመጀመሪያው እንደነበር የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ቁስለኞቹ ግን እዚያ ለመድረስ ከአፍሪካ ተነሥተው ባሕር መሻገር ነበረባቸው። መሣሪያው ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚጓጓዘው ሕመምተኛው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ18 ዓመታት በኋላ ይህን ልማድ የገለበጠችው ማሪ ኩሪ ናት። ስሟ ሲነሣ ራዲየምና ሁለቱ የኖቤል ሽልማቶች ይታወሳሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የራጅ መኪና እያሽከረከረች ከአንዱ የጦር ግንባር ሆስፒታል ወደ ሌላው መመላለሷ ግን ያን ያህል አይነገርም።

ማሪያ ስክሎዶቭስካ በ1867 ዋርሶ ውስጥ ስትወለድ ፖላንድ በሩሲያ አገዛዝ ሥር ነበረች። አባቷ የሳይንስ መምህር ነበር። እናቷን በአሥር ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ ተነጠቀች። ሴቶች በአገሯ ዩኒቨርሲቲ መግባት ስለማይፈቀድላቸው ከታላቅ እህቷ ጋር ተማከሩ፤ ማሪያ በሰው ቤት ልጆች እያስተማረች እህቷን ፓሪስ ላይ ሕክምና ታስተምራለች፣ ከዚያ ደግሞ እህቷ በተራዋ ትረዳታለች። ተራዋ የደረሰው በ1891፣ በ24 ዓመቷ ዋዜማ ነው። በ1895 ፈረንሳዊውን የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ኩሪን አገባች። በ1898 ባልና ሚስቱ ፖሎኒየምንና ራዲየምን ማግኘታቸውን ለዓለም አስታወቁ።

ጨረር ሥጋን እንደሚያቃጥል ያወቁት ከሌላ ሰው ሰምተው አይደለም። ፒየር ሆን ብሎ ራዲየም ክንዱ ላይ አስሮ የተፈጠረውን ቁስል ለሳምንታት ተከታትሏል። የማሪም የጣቶቿ ጫፎች ደርቀውና ተሰነጣጥቀው ነበር። ሁለቱ ግን በዚህ ውስጥ ያዩት ካንሰርን ሊያክም የሚችል ኃይል ነው። ለራሳቸው የሚበጅ ማስጠንቀቂያ አድርገው አልወሰዱትም። ፒየር በ1906 ፓሪስ ጎዳና ላይ በፈረስ ጋሪ ተገጭቶ ሞተ፤ እርሷም ሁለት ሴት ልጆችና የእርሱ የማስተማሪያ ወንበር ቀሩላት።

በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳና የጀርመን ጦር ወደ ፓሪስ ሲገሰግስ፣ ማሪ የቤተ ሙከራዋን ራዲየም በእርሳስ በተሠራ ከባድ ሣጥን አድርጋ በባቡር ወደ ቦርዶ ወሰደች፤ በአደራ አስቀምጣም ወዲያው ተመለሰች። የራጅ መሣሪያዎች የት የት እንዳሉ ስታጣራ ያገኘችው መልስ አሳሳቢ ነበር፦ ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በትላልቅ ከተሞች ሆስፒታሎች ውስጥ ናቸው። እግሩ የተሰበረ ወታደር ግን በጋሪና በባቡር ሩቅ መንገድ ሲጓዝ እያንዳንዱ መንገጫገጭ የተሰበረውን አጥንት ጫፍ ከሥጋውና ከደም ሥሩ ጋር ያጋጨዋል። በቁስሉ ውስጥ የቀረው የብረት ፍንጣሪም በእያንዳንዱ የመዘግየት ሰዓት ሥጋውን ይመርዛል።

መፍትሔዋ ቀላል ነበር። ከባለጸጋ ሴቶች መኪና ለመነች፤ በመኪናው ሞተር ኃይል የሚሽከረከር ዳይናሞ አስገጠመች፤ የራጁን ቱቦ፣ ማሳያ ስክሪኑን፣ የፎቶ ዕቃዎችንና ጥቁር መጋረጃዎችን ጫነች። ቀድሞ በራጅ ላይ ምርምር ያልሠራችው ሳይንቲስት የሰውነት አካላትን አቀማመጥ አጠናች፤ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ጎማ ሲተነፍስም ራሷ ትቀይር ነበር። ወታደሮቹ መኪናዎቹን ትንንሾቹ ኩሪዎች ብለው ሰየሟቸው።

አንድ የግንባር ሆስፒታል ሲደርሱ የሚሆነው እንዲህ ነበር። መሣሪያዎቹ ወደ አንድ ክፍል ይገባሉ፤ ገመዱ ከመኪናው እስከ ክፍሉ ይዘረጋል፤ መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ይጋረዳሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከፈጀው ዝግጅት በኋላ ቁስለኞቹ በቃሬዛ ተራ በተራ ይገባሉ። ከሁለት አቅጣጫ በሚነሣ ምስል ፍንጣሪው በምን ያህል ጥልቀት እንዳለ ይሰላል፤ ቀዶ ሐኪሙም የት እንደሚቆርጥ አስቀድሞ ያውቃል። አንዳንዴ ሐኪሙ በጨለማው ክፍል ስክሪኑን እያየ፣ እጁን ጨረሩ ውስጥ አድርጎ፣ ፍንጣሪውን እዚያው ያወጣ ነበር።

በጦርነቱ ማብቂያ ማሪ ያሰማራቻቸው መኪናዎች 20 ያህል፣ ያቋቋመቻቸው ቋሚ የራጅ ጣቢያዎች 200 ያህል ነበሩ። 150 የሚሆኑ ሴቶችንም በራጅ ባለሙያነት አሠለጠነች። በእነዚህ አገልግሎቶች የተመረመሩት ቁስለኞች ከአንድ ሚሊዮን እንደሚበልጡ ይገመታል። ጦርነቱ ሲጀመር ገና 16 ዓመቷ የነበረው የመጀመሪያ ልጇ ኢሬን ከጎኗ ነበረች፤ ብዙ ሳይቆይም ብቻዋን ጣቢያ ትመራ ጀመር።

በዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቁስለኛው ለደቂቃዎች ቆይቶ ይወጣል። ባለሙያዋ ግን ከአንዱ ቃሬዛ ወደ ሌላው እያለች ቀኑን ሙሉ እዚያው ናት። መከላከያው ጓንትና መነጽር፣ እንዲሁም ትንንሽ የብረት መከለያዎች ነበሩ፤ እነዚህ ደግሞ ለዚያ ሁሉ ሰዓት በቂ አልነበሩም። አደጋው ፈጽሞ ያልታወቀ ነበር ማለት አይቻልም። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ ሁለት እጆቹን ካጣ በኋላ በ1904 በካንሰር መሞቱ በጋዜጣ ጭምር ወጥቷል። ጦርነት ግን የሚሞተውን ወታደር እንጂ ከ20 ዓመት በኋላ የምትታመመውን ሴት አያስቆጥርም።

ከጦርነቱ በኋላ ጉዳዩ ችላ የሚባል አልሆነም። በ1925 ከጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች ጋር ይሠሩ የነበሩ ሁለት ፈረንሳውያን መሐንዲሶች ከሞቱ በኋላ፣ ማሪ የተሳተፈችበት የሕክምና አካዳሚ ኮሚቴ ሠራተኞች በእርሳስ መከለያ እንዲጠበቁና ደማቸው በየጊዜው እንዲመረመር አሳሰበ። በ1928 ደግሞ ስቶክሆልም ላይ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ከጨረር ጥበቃ የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴው ስሙን ቀይሮ ዛሬም ይሠራል። የራጅ ባለሙያ ዛሬ ከግድግዳ ጀርባ ሆኖ መሣሪያውን የሚያዘው፣ ደረቱ ላይ የጨረር መለኪያ የሚያንጠለጥለው ከዚያ ዘመን በተቀመሩ ደንቦች ነው።

ማሪ በቤተ ሙከራዋ ተማሪዎቿ ራዲየምን በመቆንጠጫ ብቻ እንዲይዙ፣ ከእርሳስ መከለያ ጀርባ እንዲሠሩና ደማቸውን እንዲያስመረምሩ ጠበቅ አድርጋ ታዝ ነበር። እርሷ ራሷ ግን በዚህ ደንብ አልተገዛችም፤ ለድካም መድኃኒቱ ንጹሕ አየር ነው የሚል እምነትም ነበራት። የሰጠችውን ትእዛዝ የምትሽር ኃላፊ ለሠራተኞቿ ምን ዓይነት አርአያ እንደምትሆን መገመት አያዳግትም። በዓይኗ ሞራ ምክንያት አራት ጊዜ ቀዶ ሕክምና አደረገች፤ ማየት መቸገሯን ግን ከብዙዎች ደብቃ ኖረች።

በሐምሌ 4 ቀን 1934፣ በ66 ዓመቷ፣ የአልፕስ ተራሮች ሥር ባለ የሕሙማን ማገገሚያ አረፈች። መቅኔዋ ደም ማምረት አቁሞ ነበር። አጽሟ በ1995 ታላላቅ ፈረንሳውያን ወደሚያርፉበት ፓንቴዮን ሲዛወር የጨረር ጥበቃ ባለሙያዎች መቃብሯን መርምረው ነበር። የተለካው የራዲየም መጠን ከተጠበቀው ያነሰ ሆነ። በመሆኑም ለሞት ያበቃት ዕድሜዋን የሰጠችለት ራዲየም ሳይሆን በጦርነቱ ዘመን የተጋለጠችበት ራጅ ሳይሆን አይቀርም የሚለው ግምት ሚዛን ደፋ።

ኢሬን በ1935 እንደ እናቷ የኖቤል ሽልማት አገኘች። በ1956 በ58 ዓመቷ በደም ካንሰር ሞተች።