ኤዲሰንና የሚደክመው ባትሪ

ቶማስ አልቫ ኤዲሰን ስሙ የተጠራው በአምፑልና በድምፅ መቅረጫ ቢሆንም፣ ከዕድሜው አሥር ዓመት ያህል የወሰደበት ሥራ ባትሪ ነው። በ1847 (እዚህ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኦሃዮ ግዛት ሚላን በተባለች ከተማ ተወለደ። መደበኛ ትምህርት ብዙም ሳያገኝ በባቡር ላይ ጋዜጣ እየሸጠ፣ ቀጥሎም በቴሌግራፍ ሠራተኛነት ኖረ፤ ጆሮውም ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነበር። የቀረው ታሪኩ በየትምህርት ቤቱ የሚነገር ነው።

ባትሪውን በ1899 ሲጀምር፣ በአሜሪካ ጎዳናዎች ላይ የእንፋሎት፣ የቤንዚንና የኤሌክትሪክ መኪናዎች ይፎካከሩ ነበር። ኤሌክትሪኩን ወደ ኋላ የጎተተው፣ ፈረንሳዊው ፕላንቴ በ1859 የፈለሰፈው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነበር፤ ክብደቱ ብዙ ነው፣ ኃይሉ አልቆ ሳይሞላ ከቆየም ይበላሻል። ኤዲሰን በእርሳሱ ፈንታ ብረትና ኒኬልን፣ በአሲዱ ፈንታ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድን አገባ።

አዲሱ ባትሪ በ1903 ለገበያ ሲቀርብ ብዙ ተስፋ ተጣለበት። ይሁን እንጂ ውሎ ሳያድር የብረት ሣጥኑ ማፍሰስ ጀመረ። ከዚህም የባሰው ኃይል የመያዝ አቅሙ እያደር መቀነሱ ነበር፤ ባለመኪናው ሙሉ ነው ብሎ ይነሣል፣ ቀድሞ ይደርስበት ከነበረው ቦታ ግን አይደርስም። ምክንያቱ ከውስጥ ነበር። የኒኬሉ ውሁድ ኤሌክትሪክን በሚገባ ስለማያስተላልፍ ከግራፋይት ጋር ተደባልቆ ነበር፤ በመሙላትና በመጠቀም ብዛት ድብልቁ እያበጠ፣ ግራፋይቱም እየተበላ፣ በሁለቱ መካከል የነበረው ንክኪ ላላ። ኤዲሰን ማምረቱን አቆመ፤ የተሸጠውንም ከገበያ መለሰ። ለሙያ ሰው ይህ ውሳኔ ከአምፑሉ የማይተናነስ ሥራ ነው።

እንደገና አምስት ዓመት ያህል ደከመ። በግራፋይቱ ቦታ እጅግ ስስ የኒኬል ቅርፊቶችን በተበሳሳ ቱቦ ውስጥ ደረደረ፤ ወደ ፈሳሹም ጥቂት ሊቲየም ሃይድሮክሳይድ ጨመረ። በ1909 የወጣው ይህ ባትሪ ዕድሜው እጅግ ረጅም ሆነ። አንድ ነገር ግን አልተሸነፈለትም፤ ብርድ ሲሆን ኃይሉ ክፉኛ ይወርዳል።

ይህ ጉዳይ ለአዊ ባለሙያ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የደጋውንም መንገድ ማወቁ አይቀርም። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ያለው ዳገት ወደ 400 ሜትር ይጠጋል፤ አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ለመውጣቱ ብቻ ከአንድ ተኩል ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያወጣል፤ ሲመለስ ከፊሉን በሞተሩ ፍሬን መልሶ ይሰበስባል። በእንጅባራ ብርድ ያደረ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ውስጣዊ ተቃውሞው ስለሚጨምር ማለዳ ላይ የሚሰጠው ጉልበት ያንሳል፤ ሲሞቅ ግን ይመለስለታል። በየጥር ወር በዚያው ከተማ የሚሰለፉት የአገው ፈረሰኞች ይህን ለማስረዳት ምሳሌ አያጡም፤ የደከመ ፈረስና ያረጀ ፈረስ አንድ አይደሉም። የባትሪ እርጅና የማይመለሰው ነው፤ ሊቲየሙ በግራፋይቱ ፊት ላይ በሚፈጠር ስስ ሽፋን ውስጥ ቀስ በቀስ ታስሮ ይቀራል፤ ሙቀትና ሁልጊዜ እስከ አፉ ሞልቶ ማቆየትም ያፋጥኑታል። ኤዲሰንን ያስቸገረው ግራፋይት ዛሬም የነገሩ መካከለኛ ስፍራ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

የኤዲሰን ባትሪ ሲደርስ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። የፎርድ ርካሽ መኪና በ1908 ወጣ፤ በ1912 ካዲላክ በኤሌክትሪክ የሚነሣ ሞተር ሲያቀርብ የእጅ ማስነሻው አድካሚ ሥራ ቀረ፤ ለዚህም የተመረጠው ያው የእርሳሱ ባትሪ ነበር። ፎርድና ኤዲሰን በ1914 በጋራ ያሰቡት የኤሌክትሪክ መኪና ከሙከራ አላለፈም። ባትሪው በማዕድን ጉድጓድ መብራትና በባቡር ምልክት ሥራ ላይ ሲያገለግል ኖረ፤ ኤዲሰን በ1931 ከሞተም በኋላ እስከ 1975 ድረስ ይመረት ነበር።