አወዳደቅን ያዘገየው መምህር

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብባችሁ ከሥሩ ለቀረቡት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

በፊዚክስ ትምህርታችሁ፣ ክብደት በሌለውና በማይለጠጥ ክር፣ ያለ ሰበቃ በሚዞር በከራ ላይ ስለተንጠለጠሉ ሁለት ዕቃዎች እንቅስቃሴ ተጠይቃችሁ ይሆናል። እንዲህ ያለ ክርና በከራ በዓለም ላይ እንደማይገኝ ታውቃላችሁ። ታዲያ መጻሕፍት የሌለውን ነገር እንዳለ አድርገው ስለምን ያቀርቡታል? የጆርጅ አትውድ የሕይወት ታሪክ ለዚህ መልስ ይሰጣችኋል።

አትውድ እ.ኤ.አ. በ1745 በእንግሊዝ አገር በዌስትሚንስተር ተወለደ። በዚያው ከተማረ በኋላ በካምብሪጅ ወደሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብቶ በ1769 ተመረቀ፤ በኮሌጁም መምህር ሆነ። ትምህርቱን በቃል ከማስረዳት አልፎ በሙከራ ያሳይ ነበር። ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዊልያም ፒት ከአድማጮቹ አንዱ ነበር።

አንድ ነገር ግን መምህሩን አስቸገረው። ከእጅ የተለቀቀ ድንጋይ በመጀመሪያው ሴኮንድ ብቻ 5 ሜትር ያህል ይወርዳል። ይህን ፈጣን አወዳደቅ በዚያ ዘመን ሰዓት በተማሪዎች ፊት መለካት አዳጋች ነበር። ስለዚህ አወዳደቁን የሚያዘገይ መሣሪያ ፈለሰፈ። በበከራ ላይ በሚያልፍ ቀጭን የሐር ክር ጫፎች እኩል የሚመዝኑ ሁለት ዕቃዎችን አንጠለጠለ። በአንደኛው ላይ ጥቂት ክብደት ሲጨምርበት፣ ያ ወገን በዝግታ መውረድ ጀመረ።

ለምሳሌ አንዱ 510፣ ሌላው 490 ግራም ቢሆኑ፣ 1000 ግራሙን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው የ20 ግራም ብልጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ የሚጨምርበት መጠን፣ ማለትም ሽምጠቱ፣ ከነጻ አወዳደቅ 50 ጊዜ ያንሳል፤ ዕቃው በመጀመሪያው ሴኮንድ የሚወርደውም 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ክሩ ቢከብድ ወይም በከራው በሰበቃ ቢያዝ ስሌቱ ይዛባል። አትውድ የበከራውን ዘንግ በሌሎች አራት መንኮራኩሮች ላይ አሳርፎ ሰበቃውን እጅግ ቀነሰው። የመሣሪያውን አሠራር በ1784 በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1796 ስለ ተንሳፋፊ አካላት ባቀረበው ጥናት የኮፕሊ ሜዳልያ ተሸለመ፤ በ1807 ሞተ።

እንግዲህ በመልመጃችሁ ክብደት የሌለው ክር ሲያጋጥማችሁ፣ ዋናውን ሕግ ከሚሸፍኑት ጥቃቅን ነገሮች ለይታችሁ እንድታዩ የታሰበ መሆኑን አስተውሉ። እናንተ በወረቀት ላይ በአንድ ቃል የምትተዉትን ሰበቃ፣ አትውድ በብዙ ድካም ቀንሶታል።

ጥያቄዎች
1. አትውድ አወዳደቅን ማዘግየት ለምን አስፈለገው?
2. «ሰበቃ» እና «ሽምጠት» በሚሉት ቃላት አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
3. ስለምታውቁት አንድ መሣሪያ አሠራር አንድ አንቀጽ ጻፉ።