ዘር ሰብሳቢው ኒኮላይ ቫቪሎቭ

ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ ተወለደ። በዚህ ምንባብ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። አባቱ ከገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ በንግድ ሥራ የበለጸገ ሰው ነበር። ቫቪሎቭ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ በ1891 ዓ.ም.፣ በሩሲያ ሰብል በድርቅ ጠፋ፤ በተከተለውም ረኃብና በሽታ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። እንዲህ ያለው መዓት በተደጋገመበት አገር ያደገው ቫቪሎቭ የአባቱን ንግድ ትቶ የእርሻ ሳይንስን መረጠ።

ትምህርቱን በሞስኮ ከፈጸመ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ዕውቀቱን አዳበረ። በ1917 ዓ.ም. በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሳራቶቭ ከተማ መምህር ሆነ። ከ1921 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው ከተማ የሚገኘውን የዕፅዋት ምርምር ተቋም በኃላፊነት መራ። በዚያው ዓመት በቮልጋ አካባቢ እጅግ የከፋ ረኃብ ገብቶ ነበር።

ቫቪሎቭ ለመመለስ የተነሣው ጥያቄ የሰው ልጅ የሚመገባቸው እህሎች በመጀመሪያ የተገኙት ከየት ነው የሚል ነበር። አንድ እህል በብዙ ዓይነት መልክ የሚገኝበት ቦታ የዚያ እህል ጥንተ መገኛ ሊሆን እንደሚችል አሰበ። በእንዲህ ያለ ቦታ ድርቅን፣ በሽታንና ውርጭን የሚቋቋም ዘር ፈልጎ ማግኘት ይቻላል ብሎም አመነ። ስለዚህ ኢራንን፣ አፍጋኒስታንንና የደቡብ አሜሪካን ተራራማ አገሮች ጨምሮ በብዙ የዓለም ክፍሎች እየተዘዋወረ ዘር ሰበሰበ።

በ1927 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በአዲስ አበባ ከአልጋ ወራሹ ከራስ ተፈሪ መኮንን ጋር ተገናኝቶ የጉዞ ፈቃድ አገኘ። ከዚያም ጓዙን በበቅሎ አስጭኖ ዓባይን ተሻገረ፤ በጎንደርና በአክሱም በኩል አድርጎም አስመራ ደረሰ። በየመንገዱ ከገበሬው ማሳና ከገበያ በሺህ የሚቆጠር የዘር ናሙና ሰበሰበ። ከእነዚህም ውስጥ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ ማሽላና ዳጉሳ ይገኙበታል።

ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ከዓለም ጥንታውያን የእህል መገኛዎች እንደ አንዷ ቈጠራት። በኋላ የተደረገው ምርምር ስንዴና ገብስ ጥንት ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ጤፍ ግን ከኢትዮጵያ ደጋ፣ ዳጉሳም ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ አገሮች የተገኙ የዚህ ምድር እህሎች ናቸው።

የእነዚህ እህሎች ጥቅም የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው። ማሽላ ዝናብ ሲቋረጥ ቅጠሉን ጠቅልሎ እድገቱን ይገታል፤ ዝናብ ሲመለስም እንደገና ይለመልማል። ዳጉሳ ለም ባልሆነ መሬት ላይ እንኳ ፍሬ ይሰጣል። ፍሬው ነቀዝ ስለማይደፍረው በጎተራ ውስጥ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል፤ ስለዚህ የጥጋብ ዘመን ምርት ለችግር ዘመን ይተርፋል። ከዚህም በላይ ዳጉሳ አጥንትን በሚያጠነክረው የካልሲየም ማዕድን ከሌሎች እህሎች ሁሉ ይበልጣል።

ቫቪሎቭ በዓለም የታወቀ ሊቅ ቢሆንም በአገሩ ጠላት ተነሣበት። ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለው የእርሻ ባለሙያ የዘር ውርስን ሳይንስ ይቃወም ነበር፤ የስታሊንም ድጋፍ ነበረው። ቫቪሎቭ ያመነበትን ሳይንስ አልክድም በማለቱ በነሐሴ ወር 1940 ዓ.ም. ተያዘ። በ1941 ዓ.ም. ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ በኋላ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ተለወጠ። ይሁን እንጂ ሰውን ከረኃብ ለማዳን ዘር ሲሰበስብ የኖረው ይህ ሊቅ፣ በጥር ወር 1943 ዓ.ም. በሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በምግብ እጦት ተጎሳቁሎ ሞተ።

በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ነበር። ከበባው ከ1941 እስከ 1944 ዓ.ም. ለ872 ቀናት የቆየ ሲሆን፣ የከተማው ሕዝብ በረኃብ ረገፈ። የቫቪሎቭ ተቋም ሠራተኞች በሩዝ፣ በአተርና በስንዴ ናሙናዎች መካከል ተቀምጠው፣ ዘሩ ለመጪው ትውልድ ነው ብለው ሳይነኩት ጠበቁት። ከእነርሱም መካከል በርካታዎቹ በረኃብ ሞቱ፤ ከዘሩ አብዛኛው ግን ተረፈ።

በ1955 ዓ.ም. የቫቪሎቭ ፍርድ ተሰርዞ ንጹሕነቱ ታወጀ፤ ተቋሙም በኋላ በስሙ ተጠራ። በኢትዮጵያም በ1976 ዓ.ም. የአገሩን ዘር የሚጠብቅ ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ። የአየር ንብረት መለወጥና የዝናብ መዛባት ዓለምን ባሠጋበት በዚህ ዘመን፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2023 ዓ.ም. የዳጉሳ፣ የማሽላና የመሳሰሉት እህሎች ዓመት ሆኖ እንዲከበር አድርጓል።

የቫቪሎቭ ሕይወት የሚያስተምረን የዘር ብዛት የሕዝብ ዋስትና መሆኑን ነው። በአንድ ዓይነት እህል ብቻ የሚኖር ሕዝብ ያ እህል በጠፋ ጊዜ የሚጠጋበት የለውም። ልዩ ልዩ ዘር በጎተራው ያኖረ ገበሬ ግን አንዱ ቢከዳው በሌላው ይኖራል። ስለዚህ አንድ እፍኝ የዳጉሳ ዘር ትንሽ መስሎ ቢታይም በቸልታ ሊጣል የሚገባው አይደለም።