የኮሌጅ ስፖርትን ከቴሌቪዥን ገንዘብ ለመጠበቅ የሞከረው ዳኛ፦ ባይረን ዋይት

ቤተሰብ፣ ሱፐር ሊግን ታስታውሳላችሁ አይደል? በ2021 የአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች የራሳችንን ሊግ እንመሠርታለን ብለው ተነሡ፣ ደጋፊው መንገድ ላይ ወጣ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ነገሩ ፈረሰ። አሜሪካ ውስጥ ግን ያው ነገር በዩኒቨርሲቲ ስፖርት ላይ ተሠርቶ አልቋል። ደጋፊው ጮኋል፣ የሰማው የለም። ለምን ብለን ስንቆፍር አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔና አንድ የተሸነፈ ዳኛ አገኘን። ዛሬ የምናወራው ስለሱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። እኛ ጋ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሲባል ትዝ የሚለን የግቢ ውድድር ነው። እዚያ ግን ከ80 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወቱት የአሜሪካን ፉትቦል፣ ያው በእጅ ይዘው የሚሮጡት፣ ከብዙ የአውሮፓ ሊግ የበለጠ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ኮንፈረንስ በሚባል ማኅበር ተሰባስበው ነው የሚጫወቱት። ኮንፈረንስ ማለት ድሮ የጎረቤታሞች ማኅበር ነበር፤ በአውቶቡስ ተሂዶ፣ ተጫውቶ፣ ሰኞ ክፍል የሚገባበት።

ባይረን ዋይት በ1917 ኮሎራዶ ውስጥ ፎርት ኮሊንስ ተወለደ፣ ያደገው ደግሞ ዌሊንግተን የምትባል ትንሽዬ የገበሬ ከተማ ነው። አካባቢው የሚኖረው በሹገር ቢት ነበር፤ ስኳር የሚወጣው የቀይ ሥር ዘመድ ነው። ዋይትም በልጅነቱ እዚያ ማሳ ላይ ጎንበስ ብሎ ሠርቷል። እናትና አባቱ ሁለተኛ ደረጃን አልጨረሱም። እሱ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቶ ስኮላርሺፕ አገኘና ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ልብ በሉ፣ ያስገባው ኳስ ሳይሆን ትምህርቱ ነው። ይቺን ያዟት፣ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

ግቢ ከገባ በኋላ ግን ጉድ ተባለ። ፉትቦል፣ ባስኬትቦል፣ ቤዝቦል፣ ሁሉንም ይጫወታል። አንድ የስፖርት ጸሐፊ ዊዘር የሚል ቅጽል ስም አወጣለት፣ እንደ ጥይት ሽው የሚል ለማለት። ስሙን እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልወደደውም፤ ሰው ግን አልተወውም። በ1937 በሩጫም በነጥብም ከአገሪቱ ኮሌጆች አንደኛ ወጣ። ቡድኑ በመደበኛው የውድድር ዘመን አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች በሚሸለመው የሃይዝማን ዋንጫ ምርጫ ሁለተኛ ሆነ። በማግስቱ ዓመት መግቢያ ላይ በኮተን ቦውል በራይስ ዩኒቨርሲቲ 28 ለ14 ተሸነፉ። ይሄ ሁሉ ሆኖ ሲመረቅ ከክፍሉ አንደኛ ነበር። ሰውየው እንዴት ነው ጊዜ የሚያገኘው ብለን ተገርመናል።

ቀጥሎ የመጣው ፈተና የገንዘብ ነው። በአንድ በኩል ኦክስፎርድ የሚያስገባው የሮድስ ስኮላርሺፕ አለ። በሌላ በኩል የፒትስበርግ ቡድን፣ ዛሬ ስቲለርስ የምንለው፣ 15,800 ዶላር አቀረበለት። በጊዜው በሊጉ ከፍተኛው ደመወዝ ነበር። ኦክስፎርድ ጥቂት ወር ቆይተህ ና አለው፣ እሱም ሁለቱንም አደረገ። በ1938 ተጫወተ፣ ቡድኑ ደካማ ሆኖ ሳለ እሱ ግን በ567 ያርድ የሊጉ አንደኛ ሯጭ ሆነ፣ ከዚያ ሻንጣውን ይዞ እንግሊዝ ገባ። እዚያ እያለ ከአሜሪካ አምባሳደር ልጅ ጋር ተዋወቀ። የልጁ ስም ጆን ኬኔዲ ነው።

ጦርነቱ ሲነሳ ተመልሶ የል ሕግ ትምህርት ቤት ገባ፤ ጎን ለጎን ለዲትሮይት እየተጫወተ በ1940 እንደገና የሊጉ አንደኛ ሯጭ ሆነ። ከዚያ ባሕር ኃይል ገብቶ በፓስፊክ የመረጃ መኮንን ነበር። የኬኔዲ ጀልባ በጃፓኖች ተመትታ ስትሰምጥ የደረሰውን ጽፈው ሪፖርት ካደረጉት አንዱ ዋይት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ኳሱን ተወ፣ ዴንቨር ላይ ጥብቅና ሠራ፣ በ1960 ለኬኔዲ ምርጫ ቀሰቀሰ። በ1961 ምክትል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ፣ በአላባማ በአውቶቡስ የዘር መለያየትን ይቃወሙ የነበሩ ወጣቶች ሲደበደቡ የፌደራል ማርሻሎችን ይዞ ሞንትጎመሪ የተላከው እሱ ነው። በ1962 ኬኔዲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስገባው። ዕድሜው 44 ነበር። ለ31 ዓመት እዚያ ቆየ። የሾመው ዴሞክራት ነው ብለው የሊበራሎቹን ድምፅ የጠበቁ ብዙ ጊዜ ደነገጡ፤ ስለ ውርጃ በተሰጠው የ1973ቱ ውሳኔ ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ እሱ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ባስኬትቦል ሜዳ አለ፣ እዚያም ዳኛ ሆኖ ይጫወት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ።

የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር ኤንሲኤኤ ይባላል። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ማን በቴሌቪዥን ይታይ፣ ስንት ጊዜ ይታይ የሚለውን የሚወስነው እሱ ብቻ ነበር። መነሻው ፍርሃት ነው፦ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ካየ ስታዲየም ማን ይመጣል? በ1982 በጀመረው ዕቅድ ኤቢሲና ሲቢኤስ እያንዳንዳቸው ለአራት ዓመት ወደ 132 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙ። አንድ ቡድን በሁለት ዓመት ውስጥ ከ6 ጊዜ በላይ መታየት አይችልም። እያንዳንዱ ጣቢያ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 82 የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎችን ማሳየት ግዴታው ነው።

ለትልልቆቹ ይሄ አንጀት የሚያሳርር ነበር። በ1981 አንድ ቅዳሜ ኦክላሆማና ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ሲጫወቱ ከ200 በላይ ጣቢያዎች አስተላለፉት። በዚያው ቀን ሲታደልና አፓላቺያን ስቴት የሚባሉ ትንንሾች ሲጫወቱ ያስተላለፉት 4 ጣቢያዎች ናቸው። አራቱም ዩኒቨርሲቲዎች እኩል ገንዘብ ወሰዱ! ማንቸስተር ዩናይትድና አንድ የታችኛው ዲቪዚዮን ቡድን በአንድ ጨዋታ እኩል ተከፈላቸው እንደማለት ነው። ኦክላሆማና ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች የንግድ ውድድር ሕግ ተጥሷል ብለው ኤንሲኤኤን ከሰሱ።

ጉዳዩ ዋሽንግተን ደረሰ። ጁን 27 ቀን 1984 ውሳኔው ወጣ፤ 7 ለ2፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ አሸነፉ። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፈው ዳኛ ስቲቨንስ ነው። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ ተወዳዳሪዎች ተሰብስበው ዋጋ መወሰንና ሸቀጥ መገደብ አይችሉም፣ የኳስ ስርጭትም ሸቀጥ ነው።

የልዩነት ሐሳብ የጻፈው ዋይት ነው፤ ዳኛ ሬንኲስት ተስማማው። ከዘጠኙ መካከል የኮሌጅ ፉትቦል ኮከብ የነበረው እሱ ብቻ ነበር።

ዋይት ያለው በአጭሩ ይሄ ነው። ፍርድ ቤቱ ዩኒቨርሲቲዎችን ልክ እንደ ሱቅ ነው የቆጠራቸው፤ እነሱ ግን ስፖርቱን የትምህርት አካል አድርጎ ለመያዝ ሲሉ ብዙ ገደብ በራሳቸው ላይ የሚጥሉ ተቋማት ናቸው። ተጫዋች አይከፈለው የሚለውን ገደብ ሕጋዊ ነው ካላችሁ፣ የቴሌቪዥኑን ገንዘብ የሚያከፋፍለውን ገደብ በምን ትነጥሉታላችሁ? ገንዘቡ በሙሉ ለሚያሸንፍና ብዙ ለሚታይ ብቻ ከሄደ፣ ዩኒቨርሲቲው በማንኛውም ዋጋ ማሸነፍ ውስጥ ይገባል፣ ትምህርቱ ሁለተኛ ይሆናል።

እኛን ከጠየቃችሁን፣ በሕጉ ሚዛን ሰባቱ ትክክል ይመስሉናል። ኦክላሆማ የራሱን ጨዋታ መሸጥ የማይችልበት ምክንያት ለመከላከል ይከብዳል። ዋይት ላይም አንድ የምትቆረቁር ነገር አለች፦ የሙግቱ ምሰሶ ተጫዋቾቹ በነፃ መጫወታቸው ነው። እሱ ራሱ ተመርቆ በወጣ ማግሥት የሊጉን ትልቁን ደመወዝ ተቀብሏል። በቀጣዮቹ ዓመታት ሚሊዮኖች ሲፈሱ ልጆቹ ስኮላርሺፕ ብቻ ይዘው ቀሩ። ቢሆንም ቀጥሎ የሚመጣውን አይቷል።

በመጀመሪያው ዓመት አስቂኝ ነገር ሆነ። ሁሉም ጨዋታውን ይዞ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ወደቀ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ለብቻ ከመሸጥ በቡድን መሸጥ እንደሚሻል ገባቸው፣ ያ ቡድን ደግሞ ኮንፈረንስ ነው። ጥያቄው ተቀየረ፤ ጎረቤታችን ማነው መባሉ ቀርቶ የቴሌቪዥን ገበያችንን የሚያሰፋልን ማነው ተባለ።

በ1990 ፔን ስቴት ቢግ ቴንን ሊቀላቀል ተፈቀደለት፣ ኖትርዳም ለብቻው ከኤንቢሲ ጋር ተፈራረመ፣ አርካንሳስ የቴክሳስ ጎረቤቶቹን ትቶ ኤስኢሲ ሊገባ ወሰነ። እሱ ጥሎት የወጣው ሳውዝዌስት ኮንፈረንስ በ1996 ጠፋ። በ2007 ቢግ ቴን የራሱን ጣቢያ ከፈተ። የጣቢያው ሒሳብ እንዲህ ነው፦ በአንድ ግዛት ውስጥ አባል ዩኒቨርሲቲ ካለህ፣ እዚያ ኬብል ያለው ሰው ሁሉ፣ ኳስ አየም አላየም፣ ከወር ክፍያው ጥቂት ሳንቲም ላንተ ይቆረጣል። ለዚህ ነው በ2014 ረትገርስና ሜሪላንድ የገቡት። በኳስ ጉልበታቸው አይደለም፤ አንዱ የኒውዮርክን፣ ሌላው የዋሽንግተንን ገበያ ስለሚያመጣ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ወገኖች፣ ኬብል ከነበራችሁ ሳታውቁት እናንተም በዚያ ሒሳብ ውስጥ ተቆጥራችኋል።

ትልቁ ናዳ የመጣው ግን ከ2021 በኋላ ነው። ከሳሹ ኦክላሆማ ራሱ ከቴክሳስ ጋር ወደ ኤስኢሲ እንደሚሄድ አስታወቀ። በ2022 የሎስ አንጀለሶቹ ዩሲኤልኤና ዩኤስሲ ወደ ቢግ ቴን እንገባለን አሉ፤ ቢግ ቴንም በዚያው ክረምት ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ውል አሰረ። ዛሬ አንዲት የዩሲኤልኤ ቮሊቦል ተጫዋች ለኮንፈረንስ ጨዋታ ኒው ጀርሲ ድረስ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ትበራለች፣ ከዚያ ተመልሳ ፈተና ትቀመጣለች። የፉትቦሉ ገንዘብ የሷን አውሮፕላንም አብሮ ወስኗል።

የዋይት ዩኒቨርሲቲስ? ኮሎራዶ በ2011 ቢግ 12ን ትቶ ፓክ-12 ገባ። በ2023 ጁላይ ፓክ-12 የቴሌቪዥን ውል አጥቶ ሲንገዳገድ፣ በዚያ ክረምት መጀመሪያ የወጣው ኮሎራዶ ነው፤ በዓመት ለአንድ አባል ወደ 31.7 ሚሊዮን ዶላር ወደሚደርሰው ወደ ቢግ 12 ተመለሰ። ከዚያ ሌሎቹም ተከታትለው ወጡ። ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ማኅበር በሁለት አባላት ቀረ።

ዋይት ይሄን አላየም። በ1993 ጡረታ ወጣ፣ ወንበሩን ሩት ባደር ጊንስበርግ ተረከበች፣ እሱ በ2002 በ84 ዓመቱ አረፈ። ዴንቨር ያላችሁ፣ መሀል ከተማ ያለው የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሕንፃ የተሰየመው በሱ ነው። በ2021 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ፣ 9 ለ0፣ ኤንሲኤኤ ለተጫዋቾች የሚሰጥ ከትምህርት ጋር የተያያዘ ጥቅም ላይ የጣለውን ገደብ አነሳ። ውሳኔውን የጻፈው ኒል ጎርሰች ነው፤ ወጣት ሳለ የዋይት ረዳት ሆኖ የሠራ የዴንቨር ልጅ። በ2025 በጸደቀ ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ፣ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲያካፍሉ ተፈቀደ።

ተበትኖ የነበረው ፓክ-12 አባል እየለቀመ ነው። ከለቀማቸው አንዱ ኮሎራዶ ስቴት ነው፣ ከ2026 ጀምሮ እንዲገባ ተስማምቷል። ግቢው ያለው ፎርት ኮሊንስ ነው፣ ዋይት የተወለደባት ከተማ።