ሶቅራጥስ እንደ ዜጋ

ሶቅራጥስ ሲባል ትዝ የሚለን ሰውን በጥያቄ የሚያፋጥጠው ፈላስፋ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ዜግነቱ ላንሳ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ470 ገደማ አቴንስ ውስጥ ከድንጋይ ጠራቢና ከአዋላጅ ተወለደ። እዚያ ዜጋ የሆነ ወንድ ሁሉ በጉባኤ ድምፅ ይሰጥ ነበር። (ሴቶችና ባሮች አይቆጠሩም፤ ይሄ ራሱ ጉድ ነው!) ግዴታም ነበረበት፤ ሶቅራጥስ ጋሻ አንግቦ በሦስት ዘመቻ ተሰልፏል።

ከልደት በፊት በ406 በዕጣ የምክር ቤት አባል ሆነ። ያን ጊዜ ከአርጊኑሳይ የባሕር ውጊያ በኋላ የጦር አዛዦቹ በባሕር የቀሩትን መርከበኞች አላዳኑም ተብለው ተከሰሱ። ሕዝቡ በቁጣ ገንፍሎ ሁሉም ባንድ ድምፅ ይፈረድባቸው አለ። ሕጉ ደግሞ እያንዳንዱ ለብቻው ይዳኝ ነው የሚለው። ስብሰባውን ከሚመሩት ሌሎቹ ፈርተው እሺ ሲሉ እሱ ብቻ እምቢ አለ። ምን ያደርጋል፣ ስድስቱ ተገደሉ፤ ሕዝቡም ኋላ ተጸጸተ።

በ404 በስፓርታ ድጋፍ ሥልጣን የያዙት ሠላሳው ገዥዎች ሊዮን የተባለ ንጹሕ ሰው ለሞት ተይዞ እንዲመጣ አምስት ሰዎችን አዘዙ። አራቱ ሄዱ። ሶቅራጥስ ዝም ብሎ ቤቱ ገባ።

የሚያሳዝነው ግን በ399 ሞት የፈረደበት የተመለሰው ዴሞክራሲ ራሱ ነው፤ ወጣቶችን ያበላሻል፣ የከተማዋን አማልክት አያምንም ተብሎ። ወዳጁ ክሪቶ ከእስር ቤት ሊያስመልጠው ተዘጋጅቶ ነበር። እኔን ብትጠይቁኝ መሸሽ ነበረበት። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ የጠቀመውን ሕግ ዛሬ ስለጎዳው ብቻ ሊጥሰው አልፈለገም። በ70 ዓመቱ መርዙን ጠጣ።