ከሽልማቱ ብር በላይ ያስከፈለው ስህተት

ተሸልማችሁ፣ ተጨብጭቦላችሁ ካበቃ በኋላ ሥራችሁ ውስጥ ከባድ ስህተት ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? ትናገራላችሁ ወይስ ዝም? ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አንሪ ፖዋንካሬ ይሄ ገጥሞታል።

ፖዋንካሬ እ.ኤ.አ. በ1854 ናንሲ ከተማ ተወለደ። የማዕድን መሐንዲስም ነበር። በ1879 ሠራተኞች ያለቁበትን የከሰል ማዕድን ፍንዳታ መንስኤ ለማጣራት ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዷል።

በ1885 የስዊድኑን ንጉሥ ኦስካር 2ኛን 60ኛ ልደት ምክንያት በማድረግ የሒሳብ ውድድር ታወጀ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ከባድ ነበር። ሁለት የሰማይ አካላት ሲሳሳቡ እንዴት እንደሚዞሩ ኒውተን አስልቶታል። ሦስተኛ ሲጨመርስ? ፕላኔቶቹ እንዲህ እንደዞሩ ይኖራሉ ወይስ አንድ ቀን ይበታተናሉ?

ፖዋንካሬ ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ ባይፈታውም በ1889 መጀመሪያ አሸነፈ። 2,500 ክሮና ከወርቅ ሜዳሊያ ጋር ተሸለመ።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ጥናቱ ለሕትመት ሲዘጋጅ፣ በመጽሔቱ ይሠራ የነበረው የ25 ዓመቱ ኤድቫርድ ፍራግሜን ግልጽ ያልሆኑለትን ቦታዎች ጠየቀ። ፖዋንካሬ መልስ ለመስጠት ሥራውን መልሶ ሲፈትሽ፣ ሌላ ቦታ ላይ ከዚያ የባሰ ስህተት አገኘ። መጽሔቱ ታትሞ ጥቂት ቅጂዎችም ወጥተው ነበር። እሱ ግን አልደበቀም፤ ለዋና አዘጋጁ ለሚታግ ሌፍለር አሳወቀ። ቅጂዎቹ በየቦታው ተለቅመው ተመለሱ። የከሰረውን የሕትመት ወጪ የከፈለው ራሱ ፖዋንካሬ ነው፦ ከ3,500 ክሮና በላይ። ከተሸለመው አንድ ሺህ ያህል ይበልጣል ማለት ነው።

እኛን የገረመን ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። መጀመሪያ በሥርዓት ይገጥማሉ ያላቸው መስመሮች፣ ሲያርማቸው ማለቂያ በሌለው ሁኔታ የሚተበተቡ ሆነው አገኛቸው። ዛሬ ኬኦስ የምንለው ነገር በር የተከፈተው እዚህ ጋር ነው፦ መነሻ ላይ ያለች ኢምንት ልዩነት ውሎ አድሮ ውጤቱን ፍጹም ትቀይረዋለች። ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ትንበያ የነገውን ደህና ተናግሮ የወሩን የሚስተው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

በ1890 የወጣው የታረመው ጥናት 270 ገጽ ነበር። በውስጡም ሌላ ትልቅ ሐሳብ አለ፦ እንቅስቃሴው በተወሰነ ወሰን ውስጥ የታጠረና ኃይሉ የማይባክን ሥርዓት፣ በቂ ጊዜ ካገኘ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል፣ ወደ መነሻው ቅርብ ቦታ ደጋግሞ ይመለሳል። ኤርጎዲክ ቲዮሪ የሚባለው የሒሳብ ዘርፍ ከመሠረቶቹ አንዱ ይሄ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ በርክሆፍ በ1931 ያንን መንገድ ብዙ ርቀት ወሰደው።

ፖዋንካሬ በ1912 ፓሪስ ውስጥ በ58 ዓመቱ አረፈ። ሽልማቱን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። እርማቱ ግን እስካሁን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይማሩታል።

እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልን።